ሁዳዴን የቆመ አረቄ ፋሲካ ላይ ለምን ይመለሳል? አስተውሎትስ ምን ያህል ይረዳል?

ጥያቄ፦ «የ41 ዓመት ሰው ነኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከሥራ ስወጣ አረቄ ቤት ጎራ ማለት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ አቆማለሁ፣ ፋሲካ ላይ እንደገና እጀምራለሁ። አንድ ጊዜም ፃድቃኔ ማርያም ፀበል ቆይቼ፣ ደህና ሆኜ ተመልሼ፣ ብዙም ሳይቆይ አገረሸብኝ። ዘንድሮ ካቆምኩ አምስት ሳምንቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እንቅልፍም አልነበረኝም። ማይንድፉልነስ የሚባል ልምምድ መልሶ እንዳያገረሽ ይረዳል ሲባል ሰምቼ ሞከርኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ጭንቅላቴን ባዶ ለማድረግ ስታገል ጭራሽ የአረቄው ሐሳብ ይብስብኛል። እውነት ይሠራል? መድኃኒት ይተካል? ከሃይማኖቴስ ጋር አይጋጭም? ወንድሜ ደግሞ አረቄውን ተው እንጂ ጠላ ምን ያደርግሃል ይለኛል።»

ምላሽ፦ ማይንድፉልነስ፣ በአማርኛ አስተውሎት የምንለው፣ ይሠራል። ግን እርስዎ በሞከሩት መንገድ አይደለም፣ ብቻውንም አይበቃም። ሕክምናን የሚያግዝ ነው እንጂ ሕክምናን የሚተካ አይደለም።

ከሙከራዎ እንጀምር። ጭንቅላትን ባዶ ማድረግ የሚባል ነገር የዚህ ልምምድ አካል አይደለም። ማንም ሰው ሐሳቡን በግድ ማጥፋት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን በቀላል ሙከራ አሳይቷል። ተሳታፊዎቹን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ» አላቸው። ድቡ ደጋግሞ እየመጣ አስቸገራቸው። ክልከላው ሲነሳላቸው ደግሞ ከመጀመሪያውም ስለ ድብ እንዲያስቡ ከተነገራቸው ሰዎች የበለጠ አሰቡት። እርስዎም አረቄን ከጭንቅላትዎ ለማባረር ሲታገሉ የገጠመዎት ይኸው ነው። የፈቃድ ድክመት አይደለም፤ አእምሮ የሚሠራው እንዲህ ነው።

አስተውሎት ከዚህ ተቃራኒው ነው። ሐሳቡ ሲመጣ አያባርሩትም፣ ተከትለውትም አይሄዱም። «አሁን የአረቄ ሐሳብ መጣ» ብለው ያዩታል። ጉሮሮዎ መድረቁን፣ ደረትዎ መጨነቁን፣ እግርዎ ወደዚያ ሰፈር ማዘንበሉን ያስተውላሉ። ከዚያ ትኩረትዎን ቀስ አድርገው ወደ ትንፋሽዎ ይመልሳሉ። ሐሳቡ ሃያ ጊዜ ቢመጣ ሃያ ጊዜ ይመለሳሉ። ልምምዱ ያ መመለሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ሐሳብ በመጣ ቁጥር «አልተሳካልኝም» አይበሉ።

የሃይማኖቱን ጥያቄ በአጭሩ ልመልስ፣ ብዙ ሰው ስለሚጨነቅበት። የአስተውሎት ልምምድ ሥሩ የእስያ የቡድሃ እምነት ተከታዮች ዘንድ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ጆን ካባት-ዚን አሜሪካ ውስጥ፣ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ፣ ለሕመምተኞች ሲያስተምረው ግን ሃይማኖታዊውን ነገር አውጥቶ ነው። በሕክምና የምንጠቀምበት ይኼኛው ነው። የሚደገም ቃል የለውም፣ የሚጠራ ስም የለውም፣ ስግደት የለውም። ትንፋሽንና የገዛ አካልን ማስተዋል ብቻ ነው። ጸሎትዎን አይተካም፣ ጸሎትዎም እሱን አይከለክልም። ቅር ካለዎት የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ ምን እንደሚያደርጉ በግልጽ ያስረዷቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሁዳዴን 55 ቀን የታገሠ ሰው ፋሲካ ላይ ለምን ይወድቃል? እርስዎም ቤተሰብዎም «መተው አቅቶት ነው» ብላችሁ ሳታስቡ አትቀሩም። አይደለም። መተው እንደሚችሉ በየዓመቱ አሳይተዋል። ያልተማሩት መተውን ሳይሆን፣ ከተዉ በኋላ መጠጡ ዙሪያዎን ሲከብ መኖርን ነው።

በሁዳዴ ቀስቃሽ ነገሮች ይቀንሳሉ። ጓደኛም ይጾማል፣ ግብዣ የለም፣ «ጾም ነው» ብሎ እምቢ ማለት ቀላል ነው፣ የሚከፋ ሰውም የለም። ፃድቃኔም ሆነ ሸንኮራ ዮሐንስ ፀበል ሲቆዩ እንዲሁ ነው። አረቄ ቤቱ የለም፣ የደመወዝ ቀን የለም፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት የለም። የለመደው አእምሮ ግን አልረሳም። መጠጥ ለዓመታት ከአንድ ቦታ፣ ከአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ሽታ፣ ከአንድ ወዳጅ ጋር ሲያያዝ አእምሮ ውስጥ መንገድ ያበጃል። ከሥራ ወጥተው ያ የደብረ ብርሃን የማታ ብርድ ፊትዎን ሲመታው፣ ገና ምንም ሳያስቡ ሰውነትዎ መለኪያውን መጠበቅ ይጀምራል። ፋሲካ ደግሞ ሁሉንም ቀስቃሽ በአንድ ቀን ይዞ ይመጣል፦ ዶሮው፣ ዘመዱ፣ ደስታው፣ ከእሑድ ጠዋት ጀምሮ የሚዞረው ብርጭቆ። «ጾም ነው» የሚለው መከላከያም በዚያው ሌሊት ይነሳል።

ስለ ብርዱ አንድ ነገር ልበል፣ በእኛ አገር ብዙ ሰው ለመጠጣቱ ምክንያት የሚያደርገው እሱን ስለሆነ። አረቄ ሰውነትን አያሞቅም። ቆዳ ስር ያሉ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ የሙቀት ስሜት ይሰጣል፤ የውስጡ ሙቀት ግን በዚያው በቆዳ በኩል ይወጣል። ጠጥቶ ሜዳ ላይ ያደረ ሰው በብርድ የሚሞተው ለዚህ ነው። ጋቢና ትኩስ ሻይ የሚሠሩትን ሥራ አረቄ አይሠራም።

ማገርሸትን በዚህ ዓይን ያየው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አለን ማርላት ነው። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከእነ ሳራ ቦወን ጋር ሆኖ አስተውሎትን ከማገርሸት መከላከያ ምክር ጋር አዋሕዶ የ8 ሳምንት ፕሮግራም አዘጋጀ። በፕሮግራሙ ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን ለ2 ሰዓት ያህል በቡድን ይገናኛሉ፣ በቀረው ቀን ቤታቸው ይለማመዳሉ። ማርላት አምሮትን ከባሕር ማዕበል ጋር ነው ያመሳሰለው። እኛ አገር ባሕር ስለሌለ ለታካሚዎቼ የምነግራቸው ስለ በሬሳ ወንዝ ነው። ሐምሌ ላይ ሲሞላ ገብቶ የሚታገለው ሰው የለም። «ለዘላለም እንዲህ ሊሆን ነው» ብሎ ከተማውን ጥሎ የሚሄድም የለም። ዳር ላይ ቆሞ እስኪጎድል ይጠበቃል። አምሮትም ይሞላል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይጎድላል። ካልመገቡት አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይረግባል። ጠጪ ሰው ይህን የማያውቀው ጎድሎ አይቶት ስለማያውቅ ነው። ሁልጊዜ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይጠጣል፣ ከዚያ «መጠጡ ነው ያስታገሠልኝ» ብሎ ያምናል። ሳይጠጣ ጥቂት ጊዜ ሲያሳልፈው እምነቱ መላላት ይጀምራል። ከልምምዱ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው።

እንዴት ይለማመዱታል? አምሮት በሌለበት ሰዓት ይጀምሩ። ይህን ብዙ ሰው ይስታል። ልምምዱን እንደ ማስታገሻ ኪኒን አስቀምጦ አረቄ ቤት በር ላይ ሲደርስ ሊጠቀምበት ይፈልጋል። ያን ጊዜ አይመጣለትም። ጠዋት ከሥራ በፊት ጋቢዎን ደርበው ይቀመጡ፤ ወንበርም መደብም ይሆናል። ዓይን መጨፈን ግዴታ አይደለም። አየሩ በአፍንጫዎ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ያስተውሉ። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ይበቃል፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ 15 እና 20 ያሳድጉት። ማታ ሲተኙ ደግሞ ከእግር ጣትዎ ጀምረው እስከ ራስዎ ድረስ እያንዳንዱ የአካል ክፍል ምን እንደሚሰማው ይዩ፦ ይሞቃል? ይቀዘቅዛል? ተጨምድዷል? ለማስተካከል አይሞክሩ። ይህኛው ለእንቅልፍ ተብሎ አይደለም፤ አምሮት ከሐሳብ በፊት ሰውነት ላይ ስለሚጀምር እዚያ ላይ ለመያዝ እንዲለምዱ ነው።

ፈረንጆቹ በዘቢብ የሚያሠሩት ልምምድም አለ። እኔ በገብስ ቆሎ አሠራዋለሁ። አንዲት ፍሬ ይውሰዱ። ይዩዋት፣ ያሽትቷት፣ ምላስዎ ላይ ያቆዩዋት፣ ቀስ ብለው ይንከሷት። ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ግን ለዓመታት እጅዎ ምን ወደ አፍዎ እንደሚያመጣ ሳያስተውል የኖረ ሰው ነዎት፤ አራተኛውን መለኪያ ሲጨልጡ እንደጠጡት እንኳ አላወቁም። በእጅና በአፍ መካከል ያለውን ያንን ጊዜ ማስረዘም ነው የተፈለገው።

አምሮቱ ሲመጣ የሚያደርጉት አጭር ነው፣ 3 ደቂቃ አይፈጅም። ባሉበት ይቁሙ። ሰውነትዎና ሐሳብዎ ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ ያስተውሉ። ትንፋሽዎን ጥቂት ጊዜ ይከተሉ። ከዚያ ትኩረትዎን ሰፋ አድርገው ያሉበትን ቦታ ይዩ፦ የት ነኝ? ከማን ጋር ነኝ? ወዴት እየሄድኩ ነበር? በመጨረሻ አስበው ምላሽ ይስጡ። ምላሹ መንገድ መቀየር ሊሆን ይችላል፣ ስልክ መደወልም ሊሆን ይችላል። አስተውሎት ማለት አረቄ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ትንፋሽ መቁጠር አይደለም። ከዚያ ወጥተው ይሂዱ።

ማስረጃውስ? እ.ኤ.አ. በ2014 ጃማ ሳይካያትሪ በተባለው መጽሔት የወጣ የነቦወን ጥናት አለ። የመጀመሪያ ሕክምናቸውን የጨረሱ 286 ሰዎች በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የተለመደውን ክትትል አገኘ፣ አንዱ የማገርሸት መከላከያ ምክር፣ አንዱ አስተውሎት ያለበትን። በ6 ወር ሁለቱ ልዩ ቡድኖች ከተለመደው ክትትል የተሻለ ውጤት አሳዩ። በ12 ወር ደግሞ አስተውሎት የተማሩት መጠጥ ወይም ዕፅ የተጠቀሙባቸው ቀናት ከሌሎቹ አነሱ። ደስ ይላል፤ ግን ሁለት ነገር ያስተውሉ። የተመረጡት ከመጠጥና ከዕፅ ነጽተው ሕክምና የጨረሱ ሰዎች ናቸው፣ ገና እየጠጡ ያሉ አይደሉም። በኋላ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው የመዘኑ ግምገማዎችም አስተውሎት ከሌሎች የታወቁ የምክር ሕክምናዎች ጋር የሚቀራረብ እንጂ ከሁሉ የሚበልጥ እንዳልሆነ፣ ማስረጃውም ገና መጠናከር እንዳለበት ይናገራሉ። ተአምር ነው የሚልዎት ሰው ካለ አይመኑት።

አሁን እጅግ የሚያሳስበኝን ልናገር። ጥያቄዎ ውስጥ እንደ ቀላል ያለፉት ነገር አለ፦ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እጅዎ ይንቀጠቀጥ ነበር። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ መምታት ይጀምረዋል። በ48 ሰዓት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያለበትን ቦታ ይስታል። ይህ ሰው ይገድላል። እኛ አገር ቅበላን ጠግቦ ጠጥቶ ሰኞ በአንድ ጊዜ ማቆም የተለመደ ነው፤ በዚያ ላይ ጾም ስለሆነ በቂ ምግብ አይበላም። በሦስተኛው ቀን ሲቃዥ «መንፈስ ነው» ተብሎ ቤት ይቀመጣል። ፀበሉን አልከለክልም። ግን መጀመሪያ ሆስፒታል! ዲያዚፓም በሚባል ማረጋጊያ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ሊታከም የሚችል ነገር ነው። ቢ1 ሳይሰጠው ጉሉኮስ ብቻ እንዳይደረግለትም ቤተሰብ ለሐኪሙ «ብዙ ይጠጣ ነበር» ብሎ በግልጽ ይናገር። ይህን ደረጃ የትኛውም ትንፋሽ ማስተዋል አያክመውም። እርስዎ ዘንድሮ በደህና አልፈውታል። ደግመው ከጀመሩ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ብቻዎን አያቁሙ፤ በተደጋገመ ቁጥር እየከፋ ሊሄድ ይችላል።

መድኃኒትን በተመለከተ ማገርሸትን የሚቀንሱ አሉ። ናልትሬክሶን አምሮቱንና ከመጠጥ የሚገኘውን ደስታ ይቀንሳል። አካምፕሮሴት ያቆመ ሰው እንዳቆመ እንዲቆይ ይረዳል። ዳይሰልፊራም ደግሞ የጠጣ ሰው ፊቱ እንዲቀላ፣ እንዲያስመልሰው፣ ልቡ እንዲመታ የሚያደርግ ነው። ሁሉም በየመድኃኒት ቤቱ አይገኙም፣ ለሁሉም ሰው አይሆኑም፤ ጉበትና ኩላሊት መታየት አለበት። ሚስቶችና እናቶች አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ዳይሰልፊራምን ደብቃችሁ ወጥ ውስጥ አትጨምሩ። ሳያውቅ ጠጥቶ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ወንድምዎ ጠላ ምንም አያደርግም ያሉት ስሕተት ነው። ሒሳቡን እንሥራ። ከመቶ 4 እጅ አልኮል ያለው አንድ ሊትር ጠላ 40 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለው። ይህ ከመቶ 40 እጅ የሆነ አረቄ 100 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ጠላ ቤት ደግሞ ማንም በአንድ ሊትር አይነሣም። ከመጠኑ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቅድም ያልኩት መንገድ ነው። ለተለማመደ አእምሮ የመጀመሪያው ጣሳ ዋናው ቀስቃሽ ነው፤ ከጠላው ወደ አረቄው የሚያደርሰው እሱ ነው። ቅራሪም ቢሆን ጠላ ነው። በእርስዎ ደረጃ ላለ ሰው መጠኑን መቀነስ የሚባለውን አልመክርም። ሙሉ ለሙሉ መተው ነው።

ማኅበርና ጽዋ ላይ የሚመጣውን ጫና አውቀዋለሁ። «ጽዋውን ናቀ» እንዳይባሉ ይፈራሉ። አስቀድመው፣ በዕለቱ ሳይሆን በሳምንቱ፣ ለባለተራው ይንገሩ። «ሐኪም ከልክሎኛል» ማለት ይበቃል፤ እውነትም ነው። የዕለቱ ብርዝ ወይም ሻይ እንዲያዘጋጁልዎ ይጠይቁ። ብርዙ ውሎ ያደረ እንዳይሆን ብቻ፣ ይፈላል።

ቢሳሳቱና ቢቀምሱስ? ማርላት በደንብ ያጠናው ይህን ጊዜ ነው። አንድ መለኪያ የጠጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በመለኪያው ሳይሆን ከመለኪያው በኋላ ለራሱ በሚነግረው ነገር ነው። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ አንዴ ከጀመርኩ» ይልና ጠርሙሱን ይጨርሳል። በማግሥቱ ኀፍረቱን ለመርሳት ይጠጣል። እዚህ ላይ አስተውሎት በእጅጉ ይረዳል። «አለቀልኝ» የሚለው ሐሳብ መሆኑን ያያሉ፣ እውነት አድርገው አይቀበሉትም። ብርጭቆውን ያስቀምጡ፣ ከቦታው ይውጡ፣ በዚያው ሰዓት ለአንድ ሰው ይደውሉ። የአምስት ሳምንቱ ድካም በአንድ መለኪያ አይሰረዝም።

ለሁሉም ሰው የማይሆንበት ሁኔታም አለ። በቅርብ ዓመታት በአካባቢያችን ጦርነት አይተው፣ ሰው አጥተው፣ ተፈናቅለው የሚጠጡ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ጸጥ ሲል ያየው ነገር ድንገት ሊመለስበት ይችላል። ዓይኑን ገልጦ፣ መሬት የረገጠ እግሩን እያስተዋለ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሞክር። ከከበደው ይተወውና ባለሙያ ያግኝ። ድምፅ የሚሰማ፣ ከሰው የተለየ ጥርጣሬ ያለበት፣ ወይም ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ይታከም።

ለእርስዎ የምመክረው ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂዱ። የመጠጥ ታሪክዎን ሳይቀንሱ ይናገሩ፣ ጉበትዎ ይታይ፣ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ ይወስኑ። እንቅልፍ ማጣቱና ጭንቀቱ አሁንም ካለ እሱም ራሱን ችሎ ይታከም፤ ብዙ ሰው የሚያገረሽበት በእሱ ነው። ልምምዱን ከዛሬ ጠዋት በ5 ደቂቃ ይጀምሩ። ፋሲካ ሲደርስ ገና ጀማሪ ስለሚሆኑ በእሱ ብቻ አይተማመኑ። ዘንድሮ ፋሲካን መጠጥ በማይቀርብበት ቤት ይዋሉ፣ የራስዎ ቤት ከሆነም አረቄ እንዳይገባ ከባለቤትዎ ጋር አሁን ይስማሙ። ከማይጠጣ አንድ ወዳጅ ጋር «ስደውል ታነሣለህ» ተባብላችሁ ይጨርሱ። ከሥራ ሲወጡ አረቄ ቤቱ ባለበት መንገድ አይመለሱ። ልምምዱን ፋሲካ አለፈ ብለው አያቋርጡ፤ 8 ሳምንት ሙሉ ይያዙት፣ በዓለ ሃምሳ ጾም ስለሌለበት የሚከብደው ያኔ ነው። ከ8 ሳምንት በኋላ አምሮቱ እንደ ዛሬው ከሆነ ወይም መሃል ላይ ደጋግመው ከቀመሱ፣ ሐኪምዎ ዘንድ ተመልሰው ስለ መድኃኒቱ እንደገና ይነጋገሩ፤ አዲስ አበባ ወዳለ የሱስ ሕክምና ክፍል እንዲልኩዎትም ይጠይቁ።